በቪኤችኤስ ካሴት ያለፈ ክሊፕ፦ የ1980ዎቹን የስቱዲዮ መልክ የማምጣት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ዘመን መምረጥ፣ ዘፈኑን መቁጠር

«ሬትሮ» ተብሎ ብቻ ቀረጻ አይገባም። የ1960ዎቹ የ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ የ1980ዎቹ የስቱዲዮ ቪዲዮና የ1990ዎቹ የቤት ካምኮርደር ሦስት የተለያዩ መልኮች ናቸው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ.)። እንቅስቃሴያቸውም፣ ቀለማቸውም፣ መብራታቸውም አይገናኝም። ሲደባለቁ ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም የሆነ ነገር እንዳልገጠመ ይታወቀዋል። ለዚህ የተማሪዎች ፕሮጀክት የተያዘው ሐሳብ አንድ ነው፦ በ1980ዎቹ አጋማሽ በቴሌቪዥን የተላለፈ የስቱዲዮ ዝግጅት፣ አንድ ሰው ቤቱ በቪዲዮ ዴክ እንደቀዳው።

ምርጫው አቅምንም ያገናዘበ ነው። ኤምቲቪ ኦገስት 1 ቀን 1981 ሥራ ከጀመረ በኋላ የወጡት ትልልቅ ክሊፖች ብዙዎቹ በ16 ወይም በ35 ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጹ ናቸው። ያንን ለማምጣት ቦታ፣ ብዙ ሰውና ጥሩ ሌንስ ይጠይቃል። የቲቪ ስቱዲዮ መልክ ግን አንድ ነጭ ጨርቅ፣ ሦስት አራት መብራትና በትራይፖድ የቆመ ካሜራ ይበቃዋል።

ዘፈኑ 120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) ነው፤ ርዝመቱ 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። በ4/4 አንድ ባር (አራት ምት) ልክ 2 ሰከንድ ስለሚሆን ዘፈኑ በጠቅላላ 96 ባር አለው፤ በፓል (በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል፣ በሚያሳየው የቲቪ ሥርዓት) ደግሞ አንድ ባር 50 ፍሬም ነው። ክፍፍሉ፦ መግቢያ 8፣ ቨርስ 16፣ አዝማች 16፣ ቨርስ 16፣ አዝማች 16፣ ብሪጅ (መሸጋገሪያው) 8፣ የመጨረሻው አዝማች 16። ስቶሪቦርዱ የተጻፈው በባር ቁጥር ነው። «ባር 41፣ ካሜራ 2፣ ከወገብ በላይ» ተብሎ ከተጻፈ ኤዲት ላይ የሚፈለግ ነገር የለም።

የአንድ ሾት ርዝመት ከ2 እስከ 4 ባር ተወሰነ። ዛሬ እንደተለመደው በየምቱ መቁረጥ ዘመኑን ወዲያው ያፈርሰዋል። በዚያን ጊዜ ስቱዲዮ ውስጥ ሚክሰሩ (የካሜራዎቹን ምስል መቀያየሪያው) ላይ የተቀመጠው ሰው የካሜራዎቹን ሞኒተር እያየ ዝግጅቱ እየሄደ ነበር የሚቆርጠው፤ ስለዚህ ቁርጡ ረጋ ያለ፣ ዲዞልቩ (አንዱ ምስል እየደበዘዘ በሌላው የሚተካበት) ረዘም ያለ ነው። ለአንድ ዲዞልቭ ሙሉ ባር ተመደበ።

የዘፈኑ የጽሑፍ ፈቃድም በዚሁ ሳምንት ይያዛል፤ ከግጥምና ዜማ ደራሲዎቹም፣ ከቅጂው ባለቤትም። ሥራው ካለቀ በኋላ ፈቃድ መለመን ክሊፑን ሐርድ ዲስክ ላይ ሊያስቀረው ይችላል።

ሳምንት 2፦ ሰንሰለቱን በ20 ሰከንድ መሞከር

ልብስ ሳይገዛ፣ የቀረጻ መድረኩ ሳይሠራ፣ አንድ የ20 ሰከንድ ሙከራ ከስልክ ካሜራ ተነስቶ ካሴት ላይ ወርዶ ተመልሶ ላፕቶፕ ውስጥ መግባት አለበት። መልኩ የሚወሰነው እዚህ ነው። በሙከራው ውስጥ የገቡት፦ የሰው ፊት፣ ቀይ ጨርቅ፣ ጥቃቅን መስመር ያለው ሸሚዝ፣ በግራና ቀኝ የሚመላለስ ጥቁር ዱላና ነጭ ጽሑፍ።

መንገዱ ይህ ነው፦ ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ወደ ኮምፖዚት ኮንቨርተር፤ ከኮንቨርተሩ በቢጫው ገመድ ወደ ዴኩ ኤቪ መግቢያ፤ ካሴት ላይ ቀረጻ፤ ከዚያ ከዴኩ መውጫ ወደ ዩኤስቢ ካፕቸር (ምስሉን ወደ ኮምፒውተር ፋይል ወደሚቀይረው ዕቃ)። ዴኩ መግቢያውን የሚቀበለው ቻናሉ ኤቪ ወይም ኤል1 ላይ ሲደረግ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ከሆነ መጀመሪያ ይህ ይታይ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሦስት ነገር አሳየ።

ፊቱ ቀጥኖ ወጣ። ርካሾቹ ኮንቨርተሮች የሚመጣላቸውን 16፡9 ምስል በሙሉ ጨምቀው 4፡3 ውስጥ ይከቱታል። መፍትሔው ቀድሞ በተቃራኒው መለጠጥ ነው፦ 4፡3 ሆኖ የተዘጋጀው ምስል 1920 በ1080ን በሙሉ እንዲሞላ ወደ ጎን ይሳባል፤ ኮንቨርተሩ ሲጨምቀው ወደ ትክክለኛ ቅርጹ ይመለሳል። ጥቁር ጠርዝ ግራና ቀኝ ጨምሮ መላክ ግን የካሴቱን አግድም ዝርዝር በከንቱ ያባክናል፤ ድሮውንም ብዙ የለውም።

ዱላው ሲሄድ በየመሀሉ እየዘለለ ነበር። የላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ መውጫ በ60 ኸርዝ ስለሚሠራ ኮንቨርተሩ ወደ 50 ሲያወርደው ፍሬም ይጥላል። በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ የውጭው ስክሪን 1080 በ50 ኸርዝ እንዲሆን ተደረገ፤ የኮንቨርተሩ ማብሪያም ፓል ላይ ሆነ፤ ዝላዩ ጠፋ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሙከራው በሰከንድ 25 ፍሬም ነበር የተቀረጸው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ የምስሉ ጫጫታ (የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ) አለ፣ ግን አሁንም «ዘመናዊ ቪዲዮ ላይ የተደረገ ፊልተር» ነው የሚመስለው። ፓል በሰከንድ 25 ፍሬም ቢባልም በቪዲዮ ካሜራ ሲቀረጽ እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ፊልድ አለው፦ ኢተጋማሾቹ መስመሮች በአንድ ቅጽበት፣ ተጋማሾቹ ከ1/50 ሰከንድ በኋላ ይያዛሉ። ዓይን የሚያገኘው በሰከንድ 50 የእንቅስቃሴ ቅጽበት ነው። የድሮ የስቱዲዮ ቪዲዮ ያ ልስልስና «ቀጥታ ስርጭት» የሚመስል እንቅስቃሴው ከዚህ ይመጣል። በ25 የተቀረጸ ነገር ላይ የትኛውም ፊልተር ያላየውን ቅጽበት አይፈጥርለትም። ስለዚህ ቀረጻው በ50 ፍሬም መሆን አለበት፤ ኤዲቱም፣ ወደ ካሴት የሚወርደው ፋይልም እንዲሁ።

ብዙ ስልኮች በራሳቸው ካሜራ ውስጥ 30 እና 60 እንጂ 50 የላቸውም። ብላክማጂክ ካሜራ የተባለው ነፃ አፕ በሚደግፋቸው ስልኮች ላይ 50 ይሰጣል፤ ሹተርና ዋይት ባላንስም ይቆልፋል። በ60 ቀርጾ ወደ 50 መቀየር ዝላዩን መልሶ ያመጣዋል። አብዛኞቹ የፓል ዴኮች ደግሞ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቲቪ ሥርዓት) ካሴት ቢያጫውቱም በኤንቲኤስሲ አይቀዱም፤ ስለዚህ በፓል ዴክ የሚሠራ ሰው ከ50 ማምለጫ የለውም።

የቀለሙ ውጤት የልብስ ዝርዝሩን ቀየረው። ጄቪሲ በ1976 ያወጣው ቪኤችኤስ ለብርሃን ዝርዝር ወደ 240 የቲቪ መስመር (ወደ ጎን የሚለየው ዝርዝር መለኪያ) ይይዛል፤ ለቀለም ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ቀዩ ጨርቅ ካሴቱ ላይ ከጠርዙ አልፎ ወደ ቀኝ ፈሰሰ፤ ከንፈርና አንገት አጠገብ ሲሆን ፊትን ያቆሽሻል። ጥቃቅን መስመር ያለው ሸሚዝ ደግሞ ቀስተ ደመና የሚመስል የሚንቀጠቀጥ ቀለም አወጣ፤ ኮምፖዚት ገመድ ውስጥ ብርሃኑና ቀለሙ በአንድ ሽቦ ስለሚሄዱ ጥቅጥቅ ያለው መስመር እንደ ቀለም ይነበባል። ትንሽ ቢሆን ያምራል፤ የዋናዋን ድምፃዊት ሙሉ ልብስ ቢሸፍን ግን ዓይን ያደክማል። ውሳኔው፦ ድምፃዊቷ ደማቅ ሰማያዊ ጃኬት፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ተወዛዋዦች ፈዛዛ ቢጫ፤ ቀይ ለጆሮ ጌጥ ብቻ።

ጽሑፉም ትምህርት ሰጠ። የእኛ ፊደል ልዩነቱን የሚይዘው በትንንሽ ቅጥያ ነው፤ በ240 መስመር ላይ ትንሽ የተጻፈ «ሉ» እና «ሊ» አንድ ይሆናሉ። ከላይ እስከ ታች ካሉት 576 የፓል ምስል መስመሮች ቢያንስ 36ቱን የሚይዝ ቁመት፣ ወፍራም ፎንት፣ ነጭ ወይም ቢጫ ከጥቁር ጥላ ጋር ሲሆን ይነበባል። ቦታው ከመሀሉ 80 በመቶ ውስጥ፤ በቲቪ ላይ ዳር ዳሩ ስለሚቆረጥ የዘመኑ ጽሑፍ ጠርዝ ላይ አይለጠፍም ነበር።

ሳምንት 3፦ ዴክ፣ ካሴትና ወጪ

ካሜራ አልተገዛም። ከበጀቱ ግማሽ ያህሉ ዴኩ፣ ኮንቨርተሩና ካፕቸሩ ላይ ሄደ፤ ቀሪው ጄል (መብራት ፊት የሚደረግ ባለ ቀለም ፕላስቲክ)፣ ጨርቅ፣ ስታር ፊልተርና ካሴት ነው። መብራቶቹ የተዋሱ ናቸው። ገንዘብ ማጠር ካለበት ካፕቸሩ ላይ ባይሆን ይመረጣል፤ በጣም ርካሾቹ ምስሉን ገና ሲገባ ጨፍልቀው ኤምፔግ 2 ያደርጉታልና የካሴቱ ጫጫታ ወደ ካሬ ካሬ ይለወጣል።

ዴክ ሲገዛ የሚታየው፦ ካሴት ያስገባል ያስወጣል ወይ፣ ወደፊትና ወደኋላ ያጠነጥናል ወይ፣ ይቀዳል ወይ። ማጫወቱ ብቻ አይበቃም። የተገዛው ዴክ ምስሉ ላይ ነጭ በረዶ ያሳይ ነበር፤ የቆሸሸ ሄድ (ቴፑን የሚያነበው ክፍል) ምልክት ነው። አጸዳዱ፦ ዴኩ ከሶኬት ይነቀላል፣ ክዳኑ ይከፈታል፤ ለስላሳ ሻሙዋ ቆዳ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይረጥባል፤ ቆዳው ሄዶቹን የያዘው ከበሮ ጎን ላይ ዝም ብሎ ተይዞ ከበሮው ከላይ በጣት ይዞራል። ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት ሄዱን ይሰብረዋል፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጆሮ ጥጥም አይሆንም፤ ክሩ ሄዱ ላይ ይቀራል። አልኮሉ እስኪደርቅ ካሴት አይገባም።

ካሴቶቹ ያገለገሉ ኢ-180ዎች (የ180 ደቂቃ) ናቸው። መስኮቱ ውስጥ ቴፑ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው፤ ወደ ዴኩ መግባት የለበትም፤ ሄዱንም ቀጣዩን ካሴትም ይበክላል። የቀረጻው ፍጥነት ኤስፒ (መደበኛው) ይሁን። ኤልፒ ላይ ቴፑ በግማሽ ፍጥነት ስለሚሄድ መልኩ ከሚፈለገው በላይ ይበላሻል። የካሴት መጀመሪያ አካባቢ ብዙ ጊዜ ስለተጫወተ ነጫጭ ጭረት ይበዛበታል፤ ለመግቢያው 8 ባር ይህ ጥሩ ነው፣ ለድምፃዊቷ ክሎዝ አፕ ግን ከካሴቱ መሀል ያለው ቦታ ተመረጠ።

ሳምንት 4፦ መድረክና መብራት

ጀርባው ነጭ ጨርቅ ነው፤ በደንብ ተወጥሮ ድምፃዊቷ ከምትቆምበት 3 ሜትር ርቆ ተሰቀለ። ከዚህ ቢቀርብ የፊት መብራቱ ጨርቁ ላይ ወድቆ ቀለሙን ያጥበዋል። ሁለት መብራት ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ በማጀንታ ጄል አንዱ በሰማያዊ። በመሀል የሚያብረቀርቀው መጋረጃ የተሠራው 210 በ160 ሴንቲሜትር ከሆነ የድንገተኛ ጊዜ የብር ብርድ ልብስ ነው፦ ከላይ 10 ሴንቲሜትር ሳይቆረጥ እየተተወ በ3 ሴንቲሜትር ስፋት ይተለተላል፤ ወደ 50 ዘለላ ይወጣዋል። ትንሽ ቬንትሌተር ከጎን ሲነፍስበት ሌንሱ ላይ ያለው ባለ አራት ጫፍ ስታር ፊልተር እያንዳንዱን ብልጭታ ኮከብ ያደርገዋል። ይህን ውጤት በኤዲት ከመፍጠር ሌንስ ላይ ማድረግ በጣም ይሻላል፤ ኮከቡ ከብልጭታው ጋር እኩል ይወለዳል እኩል ይጠፋል።

የፊት መብራቱ ጠንካራ፣ ከፍ ያለና 45 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ። የጀርባ መብራቱ ከፊቱ መብራት ይበልጣል፤ ፀጉርና ትከሻ ላይ ነጭ መስመር እስኪሠራ። በዘመናችን ዓይን በዛ የሚባለው ልክ የዚያ ዘመን ልኩ ነው፤ ምስሉ ብዥ በሚል ቲቪ ላይ ሰውን ከጀርባው የሚለየው ይህ መስመር ነበር።

ሃሎጅኖቹ 500 ዋት ሦስት ናቸው፤ በ220 ቮልት 7 አምፔር ገደማ ይስባሉ። የተጠቀለለ የኤክስቴንሽን ገመድ ሙሉ በሙሉ ካልተፈታ ጥቅሉ ውስጥ ሙቀት ይጠራቀማል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ሴሎፎን ለጄል አይተካም፤ ሃሎጅን ፊት ይጨማደዳል። እውነተኛው ጄል እንኳ ከመብራቱ ፊት 30 ሴንቲሜትር ያህል ቢርቅ ይሻላል። የደበዘዘ ኤልኢዲ ከገባ ምስሉ ላይ አግድም መስመር ሊሄድ ይችላል፤ ሲደበዝዝ ፈጥኖ እየበራ ስለሚጠፋ ነው። ሙሉ ብርሃኑ ላይ አድርጎ መራቅ ወይም በጨርቅ መጋረድ ይሠራል።

የቀረጻ ሳምንት

አንድ ስልክ፣ ሦስት ቦታ። ሁለት የተለያዩ ስልኮች ቀለማቸው አይገጥምምና ዘፈኑ ከእያንዳንዱ ቦታ ሙሉውን ተዘፈነ፦ ሰፊው ሾት ከፊት፣ ከወገብ በላይ ከቀኝ፣ ክሎዝ አፕ ከግራ። የቆሙበት ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ተደርጎበታል።

ሴቲንጉ፦ 4ኬ በ50 ፍሬም፣ ሹተር 1/50፣ ዋይት ባላንስ 3200 ኬልቪን ተቆልፎ፣ ፎከስና ኤክስፖዠር ተቆልፈው፣ ስታቢላይዘር ጠፍቶ፣ ሻርፕኒንግ ዝቅተኛው ላይ። 1/50 ከ50 ኸርዝ መብራት ጋር ስለሚሄድ ብልጭልጭታም የለም። ፋይሉ እንደ ስልኩ በደቂቃ ከ400 እስከ 600 ሜጋባይት ይይዛል።

ስልክ ለዚህ ሥራ ከውድ ካሜራ ይሻላል ብለን በሙሉ ልብ እንናገራለን። የድሮ የስቱዲዮ ካሜራ ብርሃን በበዛበት ቦታ፣ በትንሽ የምስል ቱቦ ነበር የሚሠራው፤ ጀርባው ጥርት ብሎ ይታያል። የደበዘዘ ጀርባ ያ ዘመን ያልነበረው ነገር ነው። ፖርትሬት ሞድ አይነካም። ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ብቻ ያለው ሰው የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ወይም 11 ላይ ያድርገው።

ዙም የተደረገው ቀረጻ ላይ ሳይሆን ኤዲት ላይ ነው። 2160 መስመር ወደ 576 ሲወርድ 3.75 እጥፍ ትርፍ አለ፤ ጥራት ሳይቀንስ እስከዚያ ድረስ መቅረብ ይቻላል። ዙም የእይታ ማዕዘኑን እንጂ የነገሮችን ርቀት ስለማይቀይር ከሌንስ ዙም ጋር ልዩነቱ አይታወቅም። አነሳሱም አቆሙም ለስለስ ያለ ይሁን፤ አንድ ዙም 4 ባር።

ለሊፕ ሲንክ (ከንፈርን ከዘፈኑ ጋር ለማግጠም)፣ ማጫወቻው ፋይል ከዘፈኑ በፊት 2 ባር «ቲክ» አለው። ስፒከሩ በገመድ፣ ከካሜራው 2 ሜትር ላይ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ እስከ 6.8 ሜትር ድረስ መዘግየቱ ከአንድ ፍሬም (1/50 ሰከንድ) አይበልጥም።

የብሪጁ 8 ባር፦ ቪዲዮ ፊድባክ

ይህን ክፍል ብቻውን ለመሥራት ጊዜ መስጠት ይገባል። የድሮ ካምኮርደር በኤቪ ገመድ ከሲአርቲ (የድሮው ባለ መስታወት ቱቦ) ቲቪ ጋር ይገናኛል፤ ካምኮርደሩም ያንኑ ቲቪ ያያል። ክፍሉ ጨለማ፣ ፎከስ በእጅ፣ አይሪስም የሚቻል ከሆነ በእጅ። ዙሙ የቲቪው ስክሪን ፍሬሙን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ላይ ይቆማል። ቀጥ ብሎ ሲታይ ወደ ውስጥ የሚሄድ ኮሪደር ይሠራል፤ ካሜራው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲያዘነብል ኮሪደሩ ይጠመዘዛል። ምንም ካልታየ ትንሽ የባትሪ መብራት ስክሪኑ ፊት ውልብ ማድረግ ይበቃል፤ ብርሃኑ ገብቶ እየዞረ ይቆያል። ሁሉም ነጭ ከሆነ የቲቪው ብራይትነስ ይቀነስ፤ ወዲያው የሚሞት ከሆነ ኮንትራስቱ ይጨመር። ትክክለኛው ቦታ በሁለቱ መሀል ያለች ጠባብ መስመር ናት፤ እዚያ ላይ ቅርጹ በራሱ ይተነፍሳል። የሲአርቲ ክዳን ግን በምንም ምክንያት አይከፈት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቱቦው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል።

ኤዲት

መጀመሪያ የተደረገው ፋይሎቹን ሁሉ ወደ ቋሚ 50 ፍሬም መቀየር ነው። ስልክ ብዙ ጊዜ ፍሬም ሬቱን እያዋዠቀ ስለሚቀርጽ መግቢያው ላይ የገጠመ ከንፈር መጨረሻ ላይ ይለያያል። በሚዲያኢንፎ «ቫሪያብል» ካለ በሃንድብሬክ «ኮንስታንት» ይደረጋል።

ታይምላይኑ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የኤዲት ፕሮግራም ላይ በሰከንድ 50 ፍሬም ነው፤ ስለዚህ አንድ ባር 100 ፍሬም ይሆናል። የቱቦ ካሜራ ብሩህ ነገር ሲንቀሳቀስ የሚተወውን የብርሃን ጭራ ለማምጣት፣ ከብርሃኑ ከፍተኛው አሥር በመቶ ብቻ ተለይቶ ያለፉት ጥቂት ፍሬሞች እየደበዘዙ እንዲከተሉት ተደረገ። ለሁሉም ነገር ቢደረግ የሰከረ ይመስላል፤ የሚያብረቀርቀው መጋረጃና የማይክራፎኑ ጫፍ ላይ ብቻ ሲሆን ያሳምናል። ግሬይን፣ የሐሰት መስመር፣ የተዘጋጀ የቪኤችኤስ ፕላግኢን አልገባም፤ ያ ሥራ የካሴቱ ነው።

ካሴት ላይ ማውረድና መመለስ

ፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አንድ አንድ ነጭ ብልጭታ ተጨመረለት። ከካፕቸር በኋላ በሁለቱ መሀል ልክ 4800 ፍሬም (192 ሰከንድ በ25) መቆጠር አለበት። 4797 ቢወጣ ካፕቸሩ ፍሬም ጥሏል፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የዴኩ ምልክት መዋዠቅ ነው። በዴኩና በካፕቸሩ መሀል አንዳንድ የዲቪዲ ሪከርደር ማሳለፍ ምልክቱን ያረጋጋዋል፤ እኛ ጋ ሠርቷል።

ካፕቸሩ ቨርቹዋልደብ በተባለው ፕሮግራም፣ 720 በ576፣ ሃፍዋይዩቪ በተባለው የማያበላሽ ኮዴክ ነው፤ ዘፈኑ በሙሉ 2 ጊጋባይት ገደማ ሆነ። ሁለተኛ ዙር ማውረድ ለብሪጁ ብቻ ተደረገ፦ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ቀለሙ ከቅርጹ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ለፊድባኩ ውበት ነው፣ ለፊት ግን ብዙ ነው። የትራኪንግ ቁልፉን (ሄዱን ከቴፑ ጋር የሚያስተካክለውን) እያዞሩ የተቀዳ አንድ ተጨማሪ ካፕቸርም አለ፤ ከእሱ የተወሰደው መግቢያው ላይ ያለው የ1 ባር መናወጥ ብቻ።

የመጨረሻ ፋይል

ካፕቸሩ ኢንተርሌስድ (በየፍሬሙ ሁለት ፊልድ ያለው) ስለሆነ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ፕሮግራም ቢደብሊውዲፍ ፊልተር ለእያንዳንዱ ፊልድ አንድ ፍሬም እንዲያወጣ ተደርጎ 9600 ፍሬም ሆነ። ወደ 25 ማውረድ የሳምንት 2ን ሥራ በሙሉ ይሰርዘዋል። እንቅስቃሴው ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊልድ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ካፕቸር የላይኛው ፊልድ ነው ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው።

የፓል ፒክስል ካሬ ስላልሆነ 720 በ576 ወደ 1440 በ1080 ተስተካከለ። ከታች ያሉት የተቀደዱ ጥቂት መስመሮች ሄዶቹ ሲቀያየሩ የሚፈጠሩ ናቸው፤ በሲአርቲ ላይ ከጠርዙ ውጭ ስለሚሆኑ አይታዩም ነበር። የተያዘው ሐሳብ ከቤት ካሴት የተገለበጠ ዝግጅት ነውና አልተቆረጡም።

ድምፁ ከካሴቱ አልተወሰደም። ንጹሑ ማስተር በነጭ ብልጭታው ልክ ገጠመ፤ የካሴቱ ሽሽታ ከዘፈኑ በፊት ላሉት ሁለት ሰከንዶች ብቻ ቀረ። ዩቲዩብ ላይ 50 ፍሬም የሚገኘው ከ720 ጀምሮ ስለሆነ በ576 አይጫንም። ቢትሬቱም ከፍ ይበል፤ የካሴት ጫጫታ በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ ለኮምፕረሽን ከባድ ነው። በ8 ሜጋቢት ሲሞከር ማጀንታው ጀርባ ካሬ ካሬ ሆነ፤ በ40 ሜጋቢት የተጫነው ደህና ወጥቷል።